ውሃው የሸሻት መርከብ፦ የቦርዴን ጉዳይ

ጥር 21 ቀን 1877 ዓ.ም.፣ በሀገራችን አስተርእዮ ማርያም በምትከበርበት ዕለት፣ ሁለት ያረጁ የእንፋሎት መርከቦች ዓባይን ሽቅብ እየቀዘፉ ወደ ካርቱም ተጠጉ። ከፊት የምትሄደው ቦርዴን ትባላለች። ግራና ቀኟ ላይ ትልልቅ መቅዘፊያ መንኮራኩሮች ይዞራሉ፤ ግድግዳዋ በብረት ቁራጭና በግንድ ተለብጧል። ከሁለቱም ዳርቻ ጥይት ይዘንባል፤ መድፍም አለ። በመነጽር ወደ ፊት የሚያዩት መኮንኖች ዓይናቸውን የጣሉት የካርቱም ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ነው። በዚያ ጣሪያ ላይ የግብፅ ባንዲራ ሊውለበለብ ይገባው ነበር። አልነበረም። ከተማዋ ከሁለት ቀን በፊት በሱዳናዊው ማህዲ ጦር እጅ ወድቃለች፤ ሊደርሱለት የመጡት፣ በከተማዋ የተከበበው እንግሊዛዊ ጄኔራል ቻርልስ ጎርደንም ተገድሏል።

በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ ጃንዋሪ 28 ቀን 1885 ነው። ነገሩ ሁሉ የተመዘገበው በዚያ አቆጣጠር ስለሆነ ከዚህ በኋላ ቀኖቹን በእሱ እጠራለሁ።

ይህ ታሪክ ሲነገር «ሁለት ቀን ዘገዩ» ይባልና ጥፋተኛ ይፈለጋል። ለንደን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ተወቀሰ፤ መርከቧ ላይ የነበረው ኮሎኔል ዊልሰን ተወቀሰ፤ መርከቧን የሚመሩት ሱዳናውያን ደግሞ በክህደት ተጠረጠሩ። እኔ የቀኖቹን ቅደም ተከተል እያመሳከርኩ ስሄድ ደጋግሞ የገጠመኝ ሌላ ነገር ነው፦ የወንዙ ከፍታ። ከተማዋን ለጠላት የከፈተው፣ መርከቧን አለት ላይ ያስቀመጣትና በመጨረሻም የሰበራት አንድ ነገር ነው፤ የዓባይ ውሃ እየጎደለ መሄዱ። ውሃው ደግሞ ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደሚጎድል ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም።

የኬዲቭ እስማኤል መርከብ

ቦርዴን በ1869 የተሠራችው ካይሮ፣ ቡላቅ በተባለው የዓባይ ወደብ ነው። ያ ዓመት የስዊዝ ቦይ የተመረቀበት ነው። የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ዓባይን እስከ ምንጮቹ የራሱ ለማድረግ ቆርጦ የተነሳበት ዘመን ነበር። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊውን ሳሙኤል ቤከርን ወደ ደቡብ ሱዳን ላከ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጦሩን ወደ ኢትዮጵያም አዘመተ፤ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ጦር ተደመሰሰ። ጉንደትና ጉራን የሚያውቅ አንባቢ ቦርዴንን የዚያው ምኞት ልጅ አድርጎ ቢያስባት አይሳሳትም። በተራራ ላይ ያልተሳካው በወንዝ ላይ ለጊዜው ተሳክቶ ነበር፤ ከካርቱም እስከ ነጭ ዓባይ ረግረግ የግብፅን ግዛት አያይዘው የያዙት የእንፋሎት መርከቦች ናቸው። ግብር የሚሰበስበው ባለሥልጣን፣ ወታደሩ፣ እህሉ፣ ደብዳቤው የሚጓዘው በእነሱ ነው።

ለዚህ ወንዝ ባለ መንኮራኩር መርከብ የተመረጠችው ያለምክንያት አይደለም። ከኋላ በውሃ ውስጥ የሚሽከረከር መዘውር ያላት መርከብ ጥልቅ ውሃ ትፈልጋለች፤ አሸዋ ሲነካው መዘውሩ ይሰበራል። የጎን መንኮራኩር ግን የላይኛውን ውሃ ብቻ እየዛቀ ይገፋል። ሆዷ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ጥልቀት በሌለው ቦታ ትንሸራተታለች። ጉዳቱም ግልጽ ነው፦ መንኮራኩሩ ከውሃ በላይ ስለሆነ ለጥይት የተጋለጠ ነው፣ ሞተሩና ቦይለሩም ከመርከቧ ወለል ብዙም አይርቁም። ማገዶዋ እንጨት ነው። እንጨት ለመጫን በየጊዜው ወደ ዳርቻ መጠጋት የግድ ይላታል፤ ዳርቻው የጠላት ሲሆን ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን።

ጎርደን እነዚህን መርከቦች ያወቃቸው ከከበባው በፊት ነው። ከ1874 ጀምሮ የኢኳቶሪያ (የደቡብ ሱዳን ክፍል) ገዥ፣ ከ1877 እስከ 1879 ደግሞ የመላው ሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆኖ ለግብፅ አገልግሏል። በዚያ ሥልጣኑ ማብቂያ ላይ፣ በኦክቶበር 1879፣ ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ አፄ ዮሐንስን አነጋግሯል። የግብፅና የኢትዮጵያ የወሰን ጉዳይ አልተቋጨም፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከአምስት ዓመት በኋላ ካርቱም ላይ ሲከበብ በሚጠጣው ጥቁር ዓባይ ውስጥ ደብረ ታቦር ላይ የዘነበው ዝናብ ነበረበት ማለት ነው፤ ጉማራና ርብ ጣና ይገባሉ፣ ዓባይም ከጣና ይወጣል።

ከበባው

የሱዳን ሕዝብ በግብፅ አገዛዝ የተማረረው በግብሩ ክብደት፣ በገዥዎቹ ጅራፍና በሙስናቸው ነበር። በ1881 ሙሐመድ አሕመድ ማህዲ (በእስልምና የሚጠበቀው መሪ) ነኝ ብሎ ሲነሳ የተከተለው ሕዝብ ያንን ምሬት ተሸክሞ ነው። እኛ በታሪካችን ድርቡሽ የምንለው ኃይል ይህ ነው። እንግሊዝ ግብፅን በ1882 ያዘች፤ ሱዳንን ግን ልታቆየው አልፈለገችም። ጎርደን በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1884 ካርቱም የገባው በዚያ የነበረውን የግብፅ ጦርና ሰላማዊ ሰው አስወጥቶ እንዲመለስ ነበር። በማርች አጋማሽ ቴሌግራፉ ተቆረጠ፤ መንገዱ ተዘጋ።

ካርቱም ጥቁርና ነጭ ዓባይ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ናት። በሰሜንና በምዕራብ ወንዝ አላት፤ በደቡብ በኩል ከጥቁር ዓባይ እስከ ነጭ ዓባይ የተቆፈረ ቦይና የአፈር ግንብ ይጠብቃታል። ጎርደን ከዚያ ቦይና ከወንዙ በቀር መከላከያ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ወንዙን የያዘለት ደግሞ መርከቦቹ ናቸው። የከተማዋ የጦር መሣሪያ ማደሻ ግቢ ሠራተኞች የቦይለር ብረት እየቆራረጡ የመርከቦቹን ጎን ለበጡ፤ ከወፍራም እንጨት የመድፍ ምሽግ ሠሩ፤ አንዱን አፍንጫዋ ላይ፣ አንዱን በመንኮራኩሮቹ መካከል አስቀመጡ። የጠመንጃ ጥይት ይመልሳል፤ የመድፍ ጥይት ግን ያልፍበታል። እንዲህ ተለብጠው ለወራት እየወጡና እየገቡ ማሽላና ከብት አመጡ፣ የጠላትን ምሽግ ደበደቡ። እኔን የሚያስደንቀኝ ከእንግሊዝ ጀብዱ ይልቅ የእነዚህ ብረት ቀጥቃጮችና እሳት ነጂዎች ሥራ ነው። ስማቸው አልተጻፈም፤ ለወራት ግን ከተማዋን ያኖሯት እነሱ ናቸው።

ሴፕቴምበር ላይ ጎርደን አባስ የተባለችውን ትንሽ መርከብ ከምክትሉ ከኮሎኔል ስቱዋርት፣ ከአንድ ጋዜጠኛና ከፈረንሳይ ቆንስላ ጋር ወደ ሰሜን ላከ። አባስ አለት መትታ ቆመች፤ ተሳፋሪዎቹ መሬት ላይ በአታላይ ግብዣ ተጠርተው ተገደሉ። ቀጥሎ የላካቸው መርከቦች ከሸንዲ ማዶ ሆነው የእንግሊዝን ጦር እንዲጠብቁ ነበር። ቦርዴን ወደዚያ የሄደችው መጨረሻ ላይ ነው። በዲሴምበር 14 ቀን 1884 የጎርደንን ማስታወሻ የመጨረሻ ክፍል ይዛ ካርቱምን ለቀቀች። በዚያ ማስታወሻ ላይ ጎርደን 200 ሰው ብቻ እንደሚጠይቅና ጦሩ በ10 ቀን ውስጥ ካልደረሰ ከተማዋ ልትወድቅ እንደምትችል ጽፏል። ቦርዴን ከሄደች በኋላ ከካርቱም የወጣ ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነው።

ሁለቱ መተማዎች፣ ሦስቱ ቀኖች

የእኛ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታበት ልጠንቀቅ። ከሸንዲ ማዶ፣ በዓባይ ምዕራብ ዳርቻ፣ መተማ የምትባል ከተማ አለች። አፄ ዮሐንስ በ1889 የወደቁባት መተማ እሷ አይደለችም፤ ያቺ በድንበራችን በኩል ከጋላባት ጋር የምትዋሰነው ናት። ይህን ዘመን የሚያነብ ሰው በሁለቱ ስሞች ቢሳሳት አይፈረድበትም።

የእንግሊዝ መንግሥት ለዘመቻው ገንዘብ የፈቀደው በኦገስት 1884 ነው። ይህን ወር ያዙልኝ። ኦገስት ማለት ነሐሴ ነው፤ ዓባይ የሚሞላበት ጊዜ። ዘመቻው በዚያ ውሃ ላይ ቢሆን ኖሮ ሌላ ታሪክ እናወራ ነበር። ነገር ግን የጦር አዛዡ ሎርድ ዎልስሊ ካይሮ የደረሰው ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ 800 ጀልባ በእንግሊዝ ተሠርቶ፣ ከካናዳ ወደ 400 የሚጠጉ ወንዝ አዋቂዎች ተቀጥረው፣ ጀልባዎቹ ወደ ላይ መሳብ ሲጀምሩ ውሃው መውረድ ጀምሯል። በየሳምንቱ የአለቱ ጥርስ እየወጣ፣ የገመድ ጉተታው እየረዘመ ሄደ። በዲሴምበር መጨረሻ ዎልስሊ ወንዙን ትቶ አንድ ጦር በግመል የዓባይን ቆልማማ በበረሃ እንዲያቋርጥ ላከ።

ያ ጦር በጃንዋሪ 17፣ በእኛ የከተራ ዕለት፣ አቡ ክሌያ ጉድጓዶች ላይ ከማህዲ ጦር ጋር ገጠመ። አሸነፈ፤ ብዙ ሰውም ሞተበት። ከሁለት ቀን በኋላ በሌላ ውጊያ አዛዡ ሰር ኸርበርት ስቱዋርት (ከአባስ ጋር ከተገደለው ኮሎኔል ስቱዋርት ሌላ ነው) ለሞት ያበቃው ቁስል ቆሰለ። አመራሩ በሰር ቻርልስ ዊልሰን ላይ ወደቀ። ዊልሰን የምሕንድስናና የስለላ መኮንን ነው፤ በወጣትነቱ ኢየሩሳሌምን የለካና ካርታዋን የሠራ ሰው። ጦር በውጊያ መርቶ አያውቅም። ዕቅዱ መርከቦቹን የባሕር ኃይሉ አዛዥ ሎርድ ቻርልስ በረስፎርድ ከመርከበኞቹ ጋር እንዲረከብ ነበር፤ መኮንኖቹ ግን አቡ ክሌያ ላይ ወድቀዋል፣ እሱም ታሞ መንቀሳቀስ አልቻለም።

ጃንዋሪ 21 ላይ ጦሩ መተማን ሲያጠቃ በወንዙ ላይ ጭስ ታየ። አራት መርከቦች፦ ቦርዴን፣ ተላሃዊያ፣ ሳፊያና ተውፊቂያ። መሪያቸው ከሻይጊያ ጎሳ የሆነው ኻሽም አል ሙስ ነው። እነዚህ ሰዎች ከዋናው ከተማ ርቀው፣ በየዳርቻው እየተተኮሰባቸው፣ ለወራት የጠበቁትን ጦር አገኙ።

ዊልሰን ግን የተንቀሳቀሰው ጃንዋሪ 24 ጠዋት ነው። ሦስቱ ቀኖች የት ገቡ? አንዱ መተማን በማጥቃትና ቁስለኛን በመሰብሰብ አለፈ፤ ያቺ ከተማ አልተያዘችም። ሁለተኛው ቀን ከሰሜን ጠላት እየመጣ ነው ስለተባለ ወደ ሸንዲ ለቅኝት ሄደ። ሦስተኛው ሞተሮቹን በማደስ፣ እንጨት በመጫንና ሰው በመለየት። ጎርደን በደብዳቤው ግብፃውያን ወታደሮችን ከመርከቦቹ እንዲያወርዱና ሱዳናውያኑን ብቻ እንዲያስቀሩ አጥብቆ አሳስቦ ነበር። ቀይ ኮት የለበሱ እንግሊዞች ይታዩ ብሎም ነበር፤ ጠላት ቀይ ኮት ሲያይ ይደነግጣል ብሎ ያምናል። ስለዚህ ከሮያል ሰሴክስ ክፍለ ጦር 20 ገደማ ወታደሮች ተመርጠው፣ ቀይ ኮት ከሌሎች ክፍሎች ተለምኖላቸው በሁለት መርከቦች፣ በቦርዴንና በተላሃዊያ፣ ተሳፈሩ። ከእነሱ ጋር ከ200 በላይ ሱዳናውያን ወታደሮች ነበሩ። በመርከቧ ታሪክ ላይ እነዚህ ከ200 በላይ ሰዎች ሁልጊዜ እንደ ዕቃ ሲጠቀሱ ያናድደኛል፤ የብዙዎቹ ሚስትና ልጅ ካርቱም ውስጥ ነበሩ፤ የሚሄዱት ወደ ቤታቸው ነው።

ዊልሰን ቢፈጥን ይደርስ ነበር ወይ? ቀኑን እንቁጠር። ጃንዋሪ 21 ከሰዓት በኋላ ቢነሳና እንደተጓዘው አራት ቀን ቢፈጅበት 25 ላይ ይደርሳል፤ ካርቱም የወደቀችው በ26 ንጋት ነው። በወረቀት ላይ ይደርሳል። ነገር ግን ማህዲ ካርቱምን በጉልበት ለመያዝ የወሰነው የአቡ ክሌያን ሽንፈት ከሰማ በኋላ ነው፤ እንግሊዞች ከመድረሳቸው በፊት ነገሩን መጨረስ ፈለገ። መርከቦቹ አንድ ቀን ቢቀድሙ እሱም አንድ ቀን ሊቀድም ይችል ነበር። ደግሞ 20 ቀይ ኮት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ጦር ይበትናል ብሎ ማሰብ ይከብደኛል። እኔ ዊልሰንን ነፃ አላወጣውም፤ የሸንዲው ቅኝት ሊቀር ይችል ነበር። ዋናው ጊዜ የባከነው ግን መተማ ላይ አይደለም፤ ነሐሴ ላይ ለንደን ውስጥ ነው።

ከተማዋን የከፈተው ጭቃ

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ፤ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው።

ጥቁር ዓባይ ከክረምት ወደ በጋ የሚያደርገው ለውጥ እጅግ ትልቅ ነው። በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ደጋ ጎርፎ ሲወርድ ካርቱም ላይ ነጭ ዓባይን እንደ ግድብ ገፍቶ ያቆመዋል፤ ነጭ ዓባይ ወደ ኋላ ተኝቶ ይሰፋል። ጥቁር ዓባይ ሲጎድል ያ የተቋጠረ ውሃም ይለቀቃል፣ ሁለቱም ይወርዳሉ። ስለዚህ በካርቱም ዙሪያ የነጭ ዓባይ ዳርቻ ራሱ የሚታዘዘው ለእኛ ክረምት ነው።

የካርቱም የደቡብ ቦይ የሚያልቀው ነጭ ዓባይ ላይ ነበር። በክረምቱ ሙላት የቦይው ምዕራባዊ ጫፍ ታጠበ፣ ግንቡ ፈረሰ። ውሃ ሞልቶ እስካለ ችግር የለውም፤ ወንዙ ራሱ ግንብ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውሃው ሲሸሽ ግን ቦይውና ወንዙ በሚገናኙበት ቦታ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ወጣ። ጭቃው ሲደርቅ መንገድ ይሆናል። ጎርደን ያውቀዋል፤ ለመቆፈር ግን በረሃብ የደከመ ወታደር ነው ያለው። ጃንዋሪ 26 ከመንጋቱ በፊት የማህዲ ጦር በዋናነት የገባው በዚያ ክፍተት ነው። ጎርደን ያንኑ ንጋት ተገደለ። ነዋሪው በሺዎች ታረደ፤ የተረፈው ተዘረፈ፣ ሴቶችና ሕፃናት ተከፋፈሉ።

በዚያን ሰዓት ቦርዴን የት ነበረች? ሸብሉካ መግቢያ ላይ፣ አለት ላይ ተቀምጣለች። ሸብሉካ ከካርቱም በስተሰሜን በግምት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ስድስተኛው የዓባይ አለታማ መተላለፊያ ነው። ወንዙ በተራራ መካከል ጠብቦ በአለት ጥርሶች መሐል ይሽሎከለካል። በሙላት ጊዜ መርከብ በላዩ ያልፋል። በጥር ግን የውሃው መንገድ አንድና ጠማማ ብቻ ይሆናል። ቦርዴን ጃንዋሪ 25 ማምሻውን አለት ላይ ወጣች፤ 26ን ሙሉ በገመድና በጉልበት ሲያላቅቋት ዋሉ። ይህች ቀን የዘመቻውን ውጤት አልቀየረችም፤ ከተማዋ ያኔ ወድቃለች። እኔ ግን ሁለቱን ነገሮች ለይቼ ማየት አልችልም። በአንድ ንጋት፣ በአንድ ወንዝ፣ ያው የውሃ መጉደል ለአንዱ ወገን በር ከፈተ፣ ለሌላው በር ዘጋ።

ከዚያ ያለው መንገድ እንጨት ለቀማ ነው። ግራር ባለበት ግራር ይቆረጣል፤ በሌለበት የገበሬውን የውሃ መሳቢያ ሳቂያ አፍርሰው፣ የቤቱን ምሰሶ ነቅለው ይጭናሉ። ለማገዶ ሲባል የፈረሰ ሳቂያ የአንድ መንደር ማሳ ነው፤ ይህን ማንም አልከፈለም።

27 ላይ ከዳርቻ አንድ ሰው ካርቱም እንደወደቀች ጮኾ ነገራቸው። አላመኑም። 28 ላይ ከሃልፋያ፣ ከኦምዱርማንና ከቱቲ ደሴት እሳት ሲዘንብባቸው፣ ባንዲራው ሲጠፋ፣ አመኑ። ዊልሰን መርከቧን አዞረ። በመድፉ ምሽግ ውስጥ የነበሩት ሱዳናውያን ያን ጊዜ ያጡት ቤታቸውን፣ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ሁሉ ነው። ሆኖም መተኮሱንና እሳት መንዳቱን አላቆሙም።

መመለሻው

ወደ ታች መሄድ ከመውጣት ይከፋል። መርከብ ውሃውን እየተቃወመች ስትወጣ ቀስ ትላለች፤ አለት ብትነካ ወንዙ ራሱ ወደ ኋላ ይገፋታል። ስትወርድ ግን ውሃው ወደ አለቱ ይጥላታል። በዚያ ላይ ወንዙ ከስንት ቀን በፊት ካለፉበት ይበልጥ ወርዷል። ጃንዋሪ 29 ተላሃዊያ አለት መትታ ሰጠመች፤ ሰዎቿ ተረፉ። ጃንዋሪ 31፣ ሸብሉካን ካለፉ በኋላ፣ ቦርዴንም ሜርናት ከምትባል ደሴት አጠገብ አለት ቀደዳት። ውሃ እየሞላባት ሳለ ወደ አሸዋ አስጠጓትና መድፍና ጥይቱን አወረዱ።

መርከብ መሪዎቹን ጠላት ገዝቷቸው ነው የሚል ጥርጣሬ ያኔውኑ ተነሳ። ከተማቸው የወደቀባቸው ሰዎች ልባቸው ሊከፈል ይችላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በየቀኑ በሚወርድ ውሃ፣ በማያቋርጥ ተኩስ፣ በ16 ዓመት መርከብ ሸብሉካን ሁለት ጊዜ ለማለፍ የሞከረ ሰው አለት ለመምታት ክህደት አያስፈልገውም።

የዚያን ሌሊት ወጣቱ መኮንን ስቱዋርት ወርትሊ በትንሽ ጀልባ፣ በጠላት ምሽግ ሥር በጸጥታ ተንሳፎ፣ በማግስቱ ከመንጋቱ በፊት ከመተማ አጠገብ ያለው ሰፈር ደረሰ። ሎርድ በረስፎርድ በሳፊያ ተነሳ። ጃንዋሪ አልፎ ፌብሩዋሪ 3 ቀን፣ ወድ ሀበሺ ከሚባል ቦታ ካለው የማህዲ ምሽግ ፊት ሲደርስ አንዲት የመድፍ ጥይት ቦይለሩን በሳችው። ስሙ የእኛን ሰው ጆሮ ይስባል፤ በዓረብኛ «የሐበሻ ልጅ» ማለት ነው። መርከቧ በምሽጉ ፊት ቆመች። የሞተር አዛዡ ኸንሪ ቤንቦ ቀኑን ሙሉ፣ ጥይት ጎኗን እየመታ፣ የብረት ጥፍጥፍ ቆርጦ፣ ቀዳዳ በእጅ በስቶ፣ ብሎን ሠርቶ የተበሳውን ቦይለር ደፈነው። አሥር ሰዓት ገደማ ፈጀበት። በማግስቱ ፌብሩዋሪ 4 ሳፊያ ተነሳች፤ የቦርዴንን ሰዎችም አንስታ ተመለሰች።

የካርቱም መውደቅ ዜና ለንደን የገባው በማግስቱ ፌብሩዋሪ 5 ነው። በዚያችው ዕለት የጣሊያን ወታደሮች ምጽዋ ላይ ወረዱ። ከስምንት ወር በፊት፣ በጁን 3 ቀን 1884፣ አድዋ ላይ በተፈረመው የሂዌት ውል አፄ ዮሐንስ በሱዳን ድንበር የተከበቡትን የግብፅ ጦሮች ሊያስወጡ ቃል ገብተው፣ እንግሊዝ በምጽዋ በኩል ነፃ መተላለፊያ ሰጥታቸው ነበር። ራስ አሉላ ድርሻቸውን ተወጡ፤ በሴፕቴምበር 1885 ኩፊት ላይ ከማህዲ ጦር ጋር ተዋጉ። ምጽዋ ግን ያኔ በጣሊያን እጅ ናት። ካርቱም ከወደቀች በኋላ ሙሉ ክብደቱ ወደ እኛ ዞረ፦ በ1888 ጎንደር ተቃጠለች፣ በማርች 1889 ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ወደቁ።

ሁለተኛው ዕድሜ

የማህዲ ሰዎች ቦርዴንን አልተዋትም። ውሃው ተመልሶ ሲሞላ አንስተው አደሷት። ማህዲ በጁን 1885 ሞተ፤ ተተኪው ኸሊፋ አብዱላሂ የካርቱምን የመርከብ ማደሻ ግቢ ከነሠራተኞቹ ጠበቀው። ጎርደንን ያገለገሉት የብረት ሠራተኞች አሁን ለኸሊፋው ቦይለር ይጠግናሉ። የጎርደን መርከቦች በኸሊፋው ባንዲራ ሥር ለ13 ዓመት ያህል እህልና ወታደር ሲያመላልሱ ኖሩ።

በ1898 ጄኔራል ኪችነር ሲመጣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ጠብቆ የመጣው ነሐሴን ነው። ተኳሽ መርከቦቹ ሸብሉካን ያለፉት በሙሉ ውሃ ነው፤ ቦርዴን የተቀመጠችባቸው አለቶች ከሥራቸው ነበሩ። ከባድ መድፎቻቸው ሴፕቴምበር 2 ኦምዱርማን ላይ ከእግረኛው ጋር ሆነው የኸሊፋውን ጦር ፈጁት። ቦርዴንም ዳግም ተማረከች።

ከአምስት ቀን በኋላ እህቷ ተውፊቂያ ከደቡብ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳታውቅ፣ ወደ ኦምዱርማን መጣች። ኸሊፋው ከሳፊያ ጋር እህል እንድታመጣ ልኳት ነበር። ጎኗ በጥይት ተበሳስቷል፤ ጥይቶቹ ከእንጨቱ ውስጥ ሲወጡ የአውሮፓ ሥራ ሆነው ተገኙ። መርከበኞቿ በነጭ ዓባይ ላይ ባለችው ፋሾዳ ነጮች እንደተኮሱባቸው ተናገሩ። እነዚያ የሻምበል ማርሻን ፈረንሳውያን ናቸው። የምኒልክ መልእክተኛ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ከፈረንሳውያንና ከአንድ የሩሲያ ኮሎኔል ጋር ሶባት ነጭ ዓባይ ከሚገባበት ቦታ የደረሰው በዚያው ዓመት በጁን መጨረሻ ነበር፤ ባንዲራ ተክሎ ተመለሰ። ማርሻን የመጣው በጁላይ 10 ነው። ሦስት ሳምንት እንኳን አልተራራቁም። ፈረንሳውያኑ ፋሾዳን ሲለቁ ወደ ሀገራቸው የሄዱት በሶባትና በባሮ ወጥተው፣ አዲስ አበባን አልፈው፣ በጅቡቲ በኩል ነው።

ቦርዴን ከጦርነቱ በኋላ አርጅታለች። ከእሷ የቀረው ብረት ለታሪክ ተብሎ ኦምዱርማን ውስጥ፣ ከውሃው ወጥቶ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ።